የበረዶው ባለቤት

ዑመይርን እግሩን ብትረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። አላጋነንኩም። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ጭማቂ ቤቴ በር ላይ አንድ ባጃጅ ጎማውን በእግሩ ላይ አሳልፎበት፣ ዑመይር እያነከሰ ተከትሎት ሄዶ «አላየሁህም ወንድሜ፣ አፉ በለኝ» ሲለው ቆሜ አይቻለሁ። ባለባጃጁም እውነት የተበደለ መስሎት ተቆጥቶት ሄደ። እኔ ብሆን ኖሮ ሰፈሩን በጩኸት አናውጠው ነበር። እሱ ግን እንዲህ ነው፤ የተሰበረ ነገር ባየ ቁጥር መጀመሪያ የራሱን እጅ ያያል።

ይህ ጠባዩ ከንግድ አስወጥቶታል። ጉራጌ ሆኖ ንግድ ያልሆነለት ሰው አሳየን የሚለኝ ካለ ዑመይርን አሳየዋለሁ። በልጅነቱ እንደ ብዙዎቻችን መርካቶ፣ አጎቱ ዘንድ፣ ቦርሳ ሱቅ ተላከ። ገዢ መጥቶ ቦርሳ አንስቶ ሲያገላብጥ ዑመይር ጠጋ ይልና «ዚፑ ብዙ አይቆይም» ይለዋል። አጎቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መከረ፣ በመጨረሻ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ወደ አባቱ ቤት መለሰው። ዑመይር ይህን ሲያወራ እኛ እንስቃለን፤ እሱ አይስቅም። የአጎቱ ሱቅ ኋላ የተዘጋው በእሱ ምክንያት ይመስለዋል። ሱቁ የተዘጋው እሱ ከተመለሰ ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ ግን ይህን ለዑመይር ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

አሁን ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። መሕቡባን አግብቶ ልጆች አድርሷል። የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ከመንደሩ በላይ፣ ቀይ ገረጋንቲ በሚወጣበት ካባ። ከሩቅ ሲያዩት ግማሽ ጎኑ የተቆረሰ ቀይ ኮረብታ ነው። እስካቫተሩ ይቆፍራል፣ የቀን ሠራተኞች በትልቅ ወንፊት ይነፋሉ፣ ገልባጮች ጭነው ለመንገድና ለቤት መሠረት ይወስዱታል። ዑመይር የሠራተኞቹ ካቦ ነው። ካቦ ሲባል ሲጮህ የሚውል ሰው ይመስላችሁ ይሆናል፤ እሱ ሠራተኛ ሲያረፍድ እንኳ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ነው የሚለው።

ከሥራዎቹ አንዱ አቧራ ማስተኛት ነው። የውሃ ቦቴ እየመጣ የካባውን ሮቶ ይሞላል፤ ዑመይር ደግሞ ወንፊቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክምሩንና መንገዱን በውሃ ያርሳል። ይህ ሥራ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሲቀር ግን መንደሩ በሙሉ ያስላል። ካባው ከተከፈተ ጀምሮ በአቧራው ንትርክ ጠፍቶ አያውቅም። የታጠበ ልብስ ቀላ ይላሉ፣ የእንሰቱ ቅጠል አቧራ ለበሰ ይላሉ። የካባው ባለቤት የሚኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ ወቀሳውን ሁሉ የሚሰማው ዑመይር ነው። ሰምቶም እሱ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል።

ካባው ግርጌ ባሂራ ትኖራለች። ባሏ ሰይዶ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በበርበሬ ችግኝ ነው። በርበሬ መጀመሪያ በመደብ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። በዚያ መንደር የመደብን ሥራ እንደ ባሂራ የሚያውቅበት ስለሌለ ሰው ሁሉ ዘሩን ወስዶ ለእሷ ይሰጣል። እሷ ታፈላለች፣ ታጠጣለች፣ ጉዝጓዝ ታለብሳለች። ሰኔ ላይ እያንዳንዱ መጥቶ የራሱን ችግኝ ይወስዳል፤ በምትኩ ማሳዋን ያርሱላታል፣ ያርሙላታል። እንግዲህ የመንደሩ የዓመት በርበሬ በሙሉ የሚያድገው አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ሴት እጅ ነው ማለት ነው። ሲቀናት ሁሉም ይቀናዋል። እሷ ላይ የደረሰ ነገር ደግሞ ሁሉም ላይ ደረሰ።

ባለፈው ዓመት የበልጉ ዝናብ ጀመር አድርጎ ቆመ። ሚያዝያ ላይ ባሂራ የምትቀዳበት ምንጭ ቀጠነ፤ ችግኙ አንገቱን ደፋ። ዑመይር ካባው ላይ ሆኖ መደቡ ሲጠወልግ ያያል፤ እሷ ጀሪካን ተሸክማ ስትመላለስ ያያል። ዑመይር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ጋሪ ላይ በርሜል ጫነና የሮቶውን ውሃ ወደ ባሂራ መደብ ማውረድ ጀመረ። በድርቅ ሰሞን ጋሪና በርሜል የትም የሚታይ ነገር ስለሆነ ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። እሱም ለማንም አልተናገረም። ባሂራም አልተናገረችም፤ ባል የሌላት ሴት ግቢ የሰው ባል ውሃ ሲያመላልስ የመንደር አፍ ምን እንደሚል ታውቀዋለች። ዝም አይነቅዝም ብለው ሁለቱም ዝም አሉ።

በዚያ ሰሞን ወንፊቱ በደረቁ ተመታ። ኮረብታው እሳት የተያያዘ ይመስል ጨሰ። አቧራው ከሰዓት በኋላ እየተነሳ መስቃን ሜዳ ላይ ይንሳፈፋል፤ እኔ ራሴ እዚህ ከተማ ውስጥ ሆኜ የአቮካዶዬን ቅርጫት በላስቲክ መሸፈን ጀምሬ ነበር። የባሂራ ችግኝ ግን ቀና አለ፤ ቅጠሉ ጠቆረ፤ የዘር ባለቤቶች በመንገድ ሲያልፉ አጥሩ ላይ ተንጠራርተው እያዩ «ማሻ አላህ» ማለት ጀመሩ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ከዘቢዳር ተራራ በኩል ደመና ተነሳ። ሰው ሁሉ ዝናብ መጣ ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። መጀመሪያ ንፋስ መጣ። ከዚያ ጣራዬ ላይ ገልባጭ መኪና ጠጠር የሚገለብጥ መሰለኝ። ብዙም አልቆየም፤ ግን ሲያባራ መንገዱ ነጭ ሆኖ ነበር። ከተማ ውስጥ ጥቂት መስኮት ሰበረ፣ የታክሲ መስታወት ሰነጠቀ፣ በዚህ አለፈ። የባሂራን መደብ ግን ጨረሰው። ሊያጽናኗት የሄዱ ሴቶች እንዳወሩት ጉዝጓዙ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ነበር፤ የቆመ ችግኝ አልነበረም። ባሂራ አላለቀሰችም አሉ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጭቃውን በጣቷ እየገለጠች የተረፈ ካለ ትፈልግ ነበር። እንደገና እንዳይፈላ ዘሩ አልቋል፤ ዘር ቢገኝም ጊዜው አልፏል።

አሁን ስለ መምህር ሽባባው ልንገራችሁ። ከጎጃም መጥቶ ብዙ ዓመት እዚህ ፊዚክስ ያስተማረ፣ አገሩ እዚህ የሆነ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። ችግሩ አፉ ነው፤ አንድ ነገር ካወቀ ሳይናገረው ማደር አይሆንለትም፤ ብዙ ነገር ደግሞ ያውቃል። በረዶው ከጣለ በኋላ ጭማቂ ቤቴ ቁጭ ብለው ከሚያወሩት አንዱ፣ በግንቦት ሙቀት በረዶ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ዑመይርም እዚያ ነበር፤ ለባሂራ የበርበሬ ዘር ሲያፈላልግ ውሎ ሚኒባስ እስኪመጣ ማንጎ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። መምህሩ ወንበሩን ወደ መሐል ሳበ።

ውሃ ስለቀዘቀዘ ብቻ የሚረጋ ይመስላችኋል፣ አለን። ደመናው ከላይ ከበረዶ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የደመናው ጠብታዎች ግን ውሃ እንደሆኑ ይቆያሉ። ለመርጋት የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። የሚይዙት ነገር ምንድነው? አቧራ ነው። የላመ የድንጋይና የአፈር ዱቄት፣ በዓይን የማይታይ። የአንዳንዱ ድንጋይ ዱቄት ገጽ ውሃው በበረዶ ሥርዓት እንዲሰለፍ ይመቸዋል። አንዲት ቅንጣት አንዲት ጠብታ ታረጋለች፤ የረጋችው ከጎረቤቶቿ እርጥበት እየጠጣች ታድጋለች፣ ትወርዳለች፣ ንፋስ መልሶ ያወጣታል፣ ሌላ ውሃ ይለብሳታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ንፋሱ መሸከም ሲያቅተው በላያችን ይጥለዋል። በረዶውን ለሁለት ብትከፍሉት እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ታዩታላችሁ፣ አለ።

ሰው ዝም ብሎ ሲሰማው መምህሩ ሞቅ አለው። ከፍሪጄ የበረዶ ክፍል ውስጥ የቆየ የታሸገ ውሃ ቀስ ብዬ፣ ሳላናውጥ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። አመጣሁለት። ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል፤ ግን ጥርት ያለ ውሃ ነው። ክዳኑን በዝግታ ከፈተና አቧራ ፍለጋ ዙሪያውን ሲያይ የዑመይርን ጃኬት አየ። ከትከሻው ላይ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ጠርሙሱ ውስጥ ጣለበት። ውሃው ከአፉ ጀምሮ እስከ ታች ነጣ፤ ዓይናችን እያየ በረዶ ሆነ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ፣ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ያላጨበጨበው ዑመይር ብቻ ነበር። ማንጎውን አስቀመጠና በዝግታ ጠየቀ፤ «መምህር፣ ይሄ የኔ አቧራ ነው?»

«ያንተ ነዋ፣ ጋሽ ዑመይር። ከጃኬትህ አይደል የወሰድኩት» አለ መምህሩ እየሳቀ። ቀጠለና አቧራው ከሰሐራም ይምጣ፣ ከአፋርም ይምጣ፣ ከዚያ ቀይ ኮረብታም ይነሳ፣ ደመናው አገርህ የት ነው ብሎ አይጠይቅም አለ። ሰው እንደገና ሳቀ። ዑመይር ማንጎውን ሳይጨርስ ወጣ። ሚኒባሱ ሳይመጣ በእግሩ እንደሄደ ኋላ ነው የሰማሁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ወሬው መስቃን ሲደርስ «በረዶው ከካባው እንደመጣ አስተማሪው በፍሪጅ አረጋገጠ» ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ «መንግሥት መሣሪያ አምጥቶ መረመረ» ሆነ። ድሮም በአቧራው የተቆጣ መንደር ምን ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ተነጋገሩና ካባው በካቦው በዑመይር በኩል ሸንጎ እንዲቀርብ ወሰኑ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ምስክር የሌለው ነገር በመሐላ ያልቃል። ተከሳሹ እኔ አላደረግኩም ብሎ ከማለ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በእሱና በአላህ መካከል ነው። አልምልም ካለ ጥፋቱን እንደተሸከመ ይቆጠራል። ይቀጣል፣ ቅጣቱን ይፈጽማል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ከተበደለው ሰው ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል። ትልቁ ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ነገር ያነሳበት ሰው ጥፋተኛው ራሱ ይሆናል። ነገሩ ሞቷል፤ ተቀብሯል።

ሸንጎው ሊቀመጥ ሲቃረብ ዑመይር ወደ እኔ መጣ። ከስቷል። መሕቡባ እንደነገረችኝ ጃኬቱን ደጋግሞ ያጥባል፤ ምግብ ሲቀርብለት ጠግቤያለሁ ይላል። የውሃውን ነገር የነገረኝ ያን ቀን ነው። አቧራው ላይ ሊፈስ የሚገባውን ውሃ የት እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደው፣ በማን ፊትም እንደማይናገረው ነገረኝ፤ ከተናገረ የባሂራ ስም ይነሳል። እኔ ተናደድኩ። በረዶ የአላህ ነው፣ አንተ ማን ሆነህ ነው በረዶ የምታዘንበው፣ ማልና ተገላገል አልኩት።

«በረዶው የአላህ ነው» አለ። «አቧራው ግን የኔ ነው።»

ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። መቀጣት እንደሚፈልግ ነገረኝ። በልጅነቱ የአጎቱን ሱቅ ሲያስብ፣ አሁን ደግሞ የባሂራን መደብ ሲያስብ፣ ጥፋቱ ከምን ተነስቶ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ አቅቶታል። ሽማግሌ ግን ልክ ያበጅለታል። ይህን ታደርጋለህ ይሉታል፣ ያደርጋል፣ ያልቃል። «ከቀጡኝ ያልቃል» አለኝ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

የካባው ባለቤትም ከአዲስ አበባ ደውሎለት ነበር። ማልና ጨርስ፣ ለአንድ ቃል ካባው ሊዘጋብኝ ነው፣ አልምልም ካልክ ሌላ ካቦ እፈልጋለሁ አለው። ዑመይር የማያውቀውን ነገር መማል እንደማይችል ነግሮት፣ ላስቸገረው ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሰደብኩት። እሺ አለኝ።

ሸንጎው ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጠ። እኔም የፍሪጁ ባለቤት ተብዬ ተጠርቻለሁ። አንዱ ሽማግሌ ጠርሙሱን ለምን እንዳላመጣሁት ጠየቁኝ፤ ቀለጠ አልኳቸው፤ ማስረጃ ያጠፋሁ ይመስል አፈጠጡብኝ። ሸንጎውን የሚመሩት ሃጂ ሀቢቡ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያልፈው ሽማግሌ። በመስቃንኛ ጀምረው ለመምህሩ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ። ዑመይርን ጠሩና፣ በረዶው በእኔ ምክንያት አልመጣም ብሎ እንዲምል ጠየቁት። እውነቱን ለመናገር እንዲቀጣ የፈለገ ሰው ብዙ አልነበረም። ካባውን ይጠሉታል እንጂ ዑመይርን የሚጠላ ማን አለ። ሰው ሁሉ ምሎ እንዲወጣ እየጠበቀ ነበር።

«አልምልም ሃጂ» አለ። «አላውቅማ።»

መምህር ሽባባው ተጠራ። ኮት ለብሶ መጥቷል። ያ ጭማቂ ቤቴ ውስጥ እንደ ምንጭ ይፈስ የነበረ አንደበት ያን ቀን ተሳሰረ። ጠርሙሱን ሲከፍተው ተናውጦ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ እንዲህ የቀዘቀዘ ውሃ በመነቅነቅ ብቻም ይረጋል፤ የዑመይር አቧራ ባይገባበትም ይረጋ ይሆናል። ደመናው ከዘቢዳር እስከ ዝዋይ የሚደርስ ነበር፤ በውስጡ የስንት አገር አቧራ እንዳለ፣ የትኛዋ ቅንጣት የትኛውን በረዶ እንደጀመረች የሚለይ ማንም የለም። እንዲያውም አቧራ ሲበዛ ውሃውን ብዙ ስለሚሻሙት በረዶው ያንሳል የሚሉ አሉ አለ፤ እንዲህም ከሆነ የካባው አቧራ ጉዳቱን ቀንሶት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ላቡን ጠረገ።

ሃጂ ሀቢቡ እስኪጨርስ ታገሡት። ከዚያ ዝናቡም ከዚሁ አቧራ ይጀምር እንደሆነ ጠየቁት። መምህሩ አብዛኛው ዝናብ ላይ ሲሆን በረዶ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚቀልጠው፣ ስለዚህ አዎ አለ። ከኋላ አንዱ፣ እስከ ዛሬ ለዝናቡ ዑመይርን ሄደን አመስግነነው አናውቅም አለ፤ ሰው ሳቅ አለ። ዑመይር አልሳቀም።

«በአጭሩ ንገረን ልጄ» አሉ ሃጂ። «እሱ ነው ወይስ አይደለም?»

«አላውቅም ሃጂ።»

ዑመይር ቀና አለ። «መምህር ተምረው ካላወቁ እኔ በምን ልማል?»

 መምህሩ ወደ ዑመይር ዞሮ፣ ያን ቀን የተናገረው ለማስተማር ብቻ እንዳልነበረ፣ ጭብጨባው ጥሞት እንደነበር፣ አንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ሸክም እንደጫነ ሳያስብ እንደተናገረ ነገረው።  ያን ጊዜ አዘንኩለት፤ ብዙ ጊዜ ወሬውን እንዲያሳጥር ስጠይቀው የኖርኩት ሰውዬ ያን ቀን ቃል አጥሮት ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሸኩ። ከዚያ ሃጂ ሀቢቡ ፍርዱን መናገር ጀመሩ። ዑመይር መሐላውን ስላልተቀበለ ጥፋቱን ተሸክሟል። የባሂራን መደብ በራሱ እጅ መልሶ ይሠራል። ወይፈን ያቀርባል፤ ታርዶ ይበላል፤ ከባሂራ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ይህን እየሰማ የዑመይር ትከሻ ሲላላ አየሁ። ሰው ሲፈረድበት ፊቱ ይፈካል ብል ማን ያምነኛል፤ የእሱ ግን ፈካ። ከዚያ የግንቦት ቀን በኋላ ትንፋሹን ሙሉ ሲስብ ያየሁት ያኔ ነው።

ባሂራ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች።

«ሃጂ፣ ፍርዱ ይቆይልኝ» አለች።  «አቧራው ላይ መፍሰስ የነበረበት ውሃ እኔ መደብ ላይ ነው የፈሰሰው። ዑመይር ነው ያመጣልኝ። ከየት እንደመጣ እያወቅኩ ነው የተቀበልኩት።»

ግራሩ ሥር ጉምጉምታ ተነሳ። መሕቡባ ቀና ብላ ባሏን አየች፤ ከዚያ ባሂራን አየች፤ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ምን እንዳሰበች ጠይቄያት አላውቅም። ዑመይር ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ለምን ቀድሞ እንዳልተናገረ ሃጂ ሲጠይቁት፣ ጥፋቱ ወደ እሷ እንዳይሄድ ብዬ ነው አለ።

 ሃጂ ሀቢቡ ባሂራ መደብ ላይ ዘሩ የነበረ ሰው እጁን እንዲያነሳ ጠየቁ። ሰው ቀስ በቀስ፣ ወደ ጎኑ እያየ፣ እጁን አነሳ። በመጨረሻ ያልተነሳ የመንደር እጅ አልነበረም። ሃጂም የራሳቸውን አነሱ። ደንባችን ከነገሩ የተጠቀመ ሰው በነገሩ ላይ አይፈርድም ይላል፤ ያ ውሃ ደግሞ የሁሉንም ችግኝ አጠጥቷል። ማሻ አላህ ያሉበትን ቅጠል ያበቀለው እሱ ነው። አንዱ ከሌላ መንደር ሽማግሌ እናምጣ አለ። ሃጂ አልተቀበሉም። ሌላ ሰው መጥቶ ምን ብሎ ይፈርዳል፣ ሁላችንም ከጠጣነው ውሃ ውስጥ የአንዱን ጉንጭ ለይቶ ይቀጣል ወይ አሉ። ካባው ለአቧራው የሚሆን ውሃ እንዳያቋርጥ፣ ለመደቡም የሚሆን ለብቻው እንዲያወርድ ለባለቤቱ መልእክት እንዲደርሰው አደረጉ። ለሁሉም ዱዓ አድርገው ተነሱ። ማንም አልተቀጣም።

ሰዉ ሸክም የወረደለት ይመስል እያወራ ተበተነ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ዑመይር ሄድኩና እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። የሰደብኩት ያህል አየኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ምሎ የሚፈታበት በር በራሱ እጅ የተዘጋ ነበር፤ ተቀጥቶ የሚፈታበት ደግሞ አሁን ተዘጋ። አፌን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። መምህሩ ብቻውን ወደ ቡታጅራ መንገድ ሄዷል፤ መሕቡባ ከሴቶቹ ጋር ቀድማለች። ባሂራ ለብቻዋ ስትሄድ ዑመይር ደረሰባትና ቆመ። እኔም ቆምኩ፤ አላዩኝም ወይም ግድ አልሰጣቸውም።

«ለምን ተናገርሽ?» አላት። ዑመይር ሰው ሲወቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሊቀጡኝ እኮ ነበር። ተቀጥቼ በተገላገልኩ።»

ባሂራ ፊቷን አላዞረችም።

«አውቃለሁ» አለችው። «አንተ ስትገላገል እኔ ጥፋቱን ይዤ ብቻዬን ልቀር ነበር።»

 ሁለቱ ጎን ለጎን ቁልቁለቱን ወረዱ።